የድሬ አሸዋና ገራባው

በድሬዳዋ ግቢ የተተከለ ፓፓያ ወይም ሎሚ ቅጠሉ ሲገረጣ ባለቤቱ ቀድሞ የሚያስበው ዩሪያ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መመገብ ያለበት አፈሩ ነው እላለሁ። ደቻቱን የመሰሉ ደረቅ ወንዞች ከሐረርጌ ደጋ እየጠረጉ ያወረዱት አሸዋ ውሃ አይቋጥርም፤ ውሃው ሲሰርግም የሟሟውን ናይትሮጅን ሥር ወደማይደርስበት ጥልቀት ያወርደዋል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሆኖም በዚያ ሙቀት፣ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የበሰበሰ ፍግና ቅጠል ግን ውሃንም ንጥረ ነገርንም ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። በትግራይ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከገበሬዎች ጋር ባካሄዱት ሥራ ኮምፖስት የተጨመረበት ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ትግራይ ድሬ አይደለችም፣ በቆላ ሙቀት ብስባሹ ቶሎ ያልቃል የሚል ሰው እውነት አለው። ስለዚህም በዓመት አንዴ ብዙ ከማፍሰስ ጥቂት ጥቂቱን እየደጋገሙ መስጠት፣ ላዩንም በደረቅ ሣርና ቅጠል መጎዝጎዝ ያስፈልጋል።

ጥሬ ዕቃው ከከተማዋ አይጠፋም። ከጫት ተራ በየቀኑ ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ይወጣል፤ ለስላሳውን ፍየሎች ይበሉታል፣ በጠጣቸውም ራሱ ምርጥ ማዳበሪያ ነው። እንጨታም የሆነው ግንድና ቅርንጫፍ ግን ብቻውን መቀበር የለበትም፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ስለሚሻሙ ተክሉ ይብሱን ይገረጣል። ተቆራርጦ ከበጠጥና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ይቀላቀል። በደረቅ አገር ክምር ቶሎ ይደርቃልና ጥላ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ እርጥበቱ እየተጠበቀና እየተገላበጠ ጥቂት ወራት ይቆይ። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ መብሰሉ መርዙን ሁሉ ያጠፋል ብዬ አልከራከርም። የገራባውን ብስባሽ ለአበባና ለጥላ ዛፍ አድርጎ፣ ለሰላጣና ለቆስጣ በጠጥና ልጣጩን ብቻ መጠቀም ይቻላል።

አመድ ለማንኛውም አፈር ይበጃል ከሚሉት ብዙዎች ግን እለያለሁ። አመድ የሚጠቅመው አሲዳማ ለሆነው የደጋ አፈር ነው። የአገሪቱን የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬ ላይ ያስተከለው የኖራ ድንጋይ አፈሩንም አልካላይን ያደርገዋል። እንዲህ ባለ አፈር ብረት ስለሚታሰር ለጋው ቅጠል፣ ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ፣ መሃሉ ቢጫ ይሆናል፤ አመድ ሲጨመር ይባባሳል። ብስባሹ የሚደረገውም ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ነው፤ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት እዚያ ነውና።