ተጠባባቂ ሽጉጥ፦ የትንሽነት ዋጋና የምርጫ መመዘኛው

መግቢያ

በአሜሪካ የፖሊስ ሥራ ተጠባባቂ ሽጉጥ የሚባለው፣ መኮንኑ በወገቡ ከሚታጠቀው ዋና መሣሪያ በተጨማሪ በቁርጭምጭሚቱ፣ በኪሱ ወይም በጥይት መከላከያ ሰደርያው ሥር ሸሽጎ የሚይዘው ሁለተኛ ሽጉጥ ነው። የተሸሸገ መሣሪያ መያዝ ሕግ ከሚፈቅድላቸው ሲቪሎች መካከልም ይህን ልማድ የሚከተሉ አሉ። ስለ ምርጫው የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሽጉጡ ስንት ጥይት ይጎርሳል? የጥይቱስ ኃይል ምን ያህል ነው? እነዚህ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የዋናው መሣሪያ መመዘኛዎች ናቸው። ሁለተኛው ሽጉጥ የሚመዘዘው የመጀመሪያው ሲጠፋ፣ ሲነጠቅ፣ ጥይት ሲነክስ ወይም የያዘው እጅ ሲቆስል ነው። ስለዚህ መመረጥ ያለበት በዚያች ቅጽበት ለባለቤቱ በሚቀረው አቅም ልክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ሐሳብ ከአንድ የታወቀ ክስተት፣ ከመሣሪያዎቹ አሠራርና ከቀላል የፊዚክስ ስሌት በመነሣት ያብራራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማያሚው ተሞክሮ

ኤፕሪል 11 ቀን 1986 በማያሚ አካባቢ 8 የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ወኪሎች ሁለት የታጠቁ የባንክ ዘራፊዎችን ገጠሙ። በተኩስ ልውውጡ 2 ወኪሎች ሲሞቱ 5 ቆሰሉ፤ ሁለቱም ዘራፊዎች ተገደሉ። ከወኪሎቹ አንዱ ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት በተፈጠረው የመኪኖች ግጭት ዋና ሪቮልቨሩን ስላጣ፣ የተዋጋው በተጠባባቂነት በያዘው አምስት ጎራሽ ባለ .38 ካሊበር ሽጉጥ ነበር። አምስቱን ጥይቶች ጨርሶ ሌላ በሚያጎርስበት ጊዜ እጁን ተመታ። ሌላው ወኪል ከደረሰበት የእጅ ቁስል የተነሣ መሣሪያውን መልሶ ማጉረስ ተሳነው። ሦስተኛው ደግሞ ግራ ክንዱ ከጥቅም ውጭ ስለሆነ ሾትገኑን በአንድ እጅ ብቻ እያቀባበለ ተኮሰ።

ቢሮው ከክስተቱ የወሰደው ዋነኛ ትምህርት የእርሳሱን ሰርጎ የመግባት አቅም የሚመለከት ነበር። ኋላም ጥይት በመለማመጃ ጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ዘልቆ እንዲገባ የሚጠይቅ መመዘኛ አወጣ። ለተጠባባቂ ሽጉጥ ምርጫ ግን ሌላው ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሰው ሁለተኛ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሁለቱም እጆቹ ሊሠሩለት በማይችሉበት ጊዜ ነው።

ሁለት አሠራሮች

ለዚህ አገልግሎት የሚቀርቡት ሽጉጦች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን አጭር አፈሙዝ ያለው ሪቮልቨር ነው። ኮልት ኩባንያ በ1927 ያወጣው ስድስት ጎራሽ ዲቴክቲቭ ስፔሻል እና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 ያወጣው አምስት ጎራሽ ቺፍስ ስፔሻል የዚህ ወገን ታዋቂ ምሳሌዎች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ትንሹ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። ሩገር በ2008 ለገበያ ያቀረበው ባለ .380 ካሊበሩ ኤል ሲ ፒ፣ ባዶውን 270 ግራም እንኳ የማይሞላ ሲሆን በካዝናው 6 ጥይት ይይዛል። በ2018 የወጣው የሲግ ሳወር ፒ 365 ደግሞ በግማሽ ኪሎ ገደማ ክብደት ባለ 9 ሚሊ ሜትር 10 ጥይት በካዝናው ይይዛል።

በቁጥር ብቻ ቢመዘን ሪቮልቨሩ ይሸነፋል። ልዩነቱ የሚታየው እክል ሲፈጠር ነው። በሪቮልቨር አንድ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ በቂ ነው፤ የጥይት ከበሮው ዞሮ ሌላ ጥይት ያቀርባል። በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን የከሸፈውን ጥይት ለማስወጣት ተንሸራታቹን የላይኛ ክፍል ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህም በተለምዶ ሁለት እጅ ይጠይቃል። እንዲሁም በትንቅንቅ መካከል አፈሙዙ በአጥቂው ገላ ላይ ቢጫን ተንሸራታቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሊገፋና ሽጉጡ ላይተኩስ ይችላል። የላላ አያያዝም ተንሸራታቹ ጉዞውን እንዳይፈጽም በማድረግ ቀለሁ በመውጫው ላይ እንዲነክስ ምክንያት ይሆናል። መዶሻው በውስጥ የተሸፈነ ሪቮልቨር ከእነዚህ እክሎች በአብዛኛው ነፃ ነው።

ይህ ማለት ግን ሪቮልቨር ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። ምላጩን ለመሳብ በተለምዶ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህም ከቀላሉ ሽጉጥ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የጣት ጉልበቱ ለደከመ ሰው ዒላማን ማጣት ከጥይት መክሸፍ የበለጠ አደጋ ሊሆን ይችላል።

የክብደት ስሌት

ሽጉጥን ማቅለል ለመሸከም ይመቻል፤ ለመተኮስ ግን ያስቸግራል። 10.2 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሴኮንድ 230 ሜትር ፍጥነት ከአጭር አፈሙዝ ወጣ እንበል። የባሩዱን ጋዝ ትተን ብናሰላ፣ 550 ግራም የሚመዝን የብረት ሪቮልቨር በሴኮንድ 4.3 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይረግጣል፤ የርግጫው ኃይልም 5 ጁል ገደማ ይሆናል። ሽጉጡ ወደ 330 ግራም ቢቀል ይኸው ጥይት ከ8 ጁል በላይ ርግጫ ያስከትላል። ክብደቱ በ40 በመቶ ሲቀንስ ርግጫው በሁለት ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ውጤቱ የእጅ ሕመም ብቻ አይደለም፤ የሚያም መሣሪያ ልምምድን ያሸሻል፤ ያልተለማመዱበት መሣሪያም በጭንቅ ጊዜ አይታመንም። በጣም በቀለሉ ሪቮልቨሮች ደግሞ ርግጫው ገና ያልተተኮሱትን እርሳሶች ከቀለሃቸው ወደ ፊት እየሳበ ከበሮውን ሊያስቆመው ይችላል፤ ስለዚህ የጥይቱ ምርጫ ከሽጉጡ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ትንሽ ካሊበር በመምረጥ ርግጫን መቀነስ ይቻላል፤ ይህም ሌላ ዋጋ አለው። ባለ .380 ጥይት ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ የሚሰፋ እርሳስ ከሰፋ ከላይ የተጠቀሰውን 30 ሳንቲ ሜትር ላይደርስ፣ በጥልቀት ከገባ ደግሞ ላይሰፋ ይችላል።

አያያዝና ተደራሽነት

የሚያዝበት ቦታም የምርጫው አካል ነው። በቀኝ ቁርጭምጭሚት የታሰረ ሽጉጥ ለቆመና ለሚሮጥ ሰው ሩቅ ነው፤ በመኪና ለተቀመጠ ወይም መሬት ላይ ለወደቀ ሰው ግን ሊቀርብ ይችላል። ኪስ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አፎት ከሌለውና በኪሱ ውስጥ ሌላ ዕቃ ካለ ድንገተኛ ተኩስ ሊያስከትል ይችላል። ከሁሉም በላይ ቦታው ለደካማው እጅ የሚደርስ መሆን አለበት። ካዝና መጋራትም ጥቅም አለው፤ ለምሳሌ ትንሹ ግሎክ 26 የትልቁን ግሎክ 17 ካዝና ስለሚቀበል፣ ዋናው ሽጉጥ ሲበላሽ የቀረው ጥይት ሥራ አይፈታም። በአንጻሩ ሁለተኛ ሽጉጥ ያለው ሰው በቤቱ ከልጆች እጅ አርቆ የሚቆልፋቸው መሣሪያዎችም ሁለት መሆናቸውን ሊዘነጋ አይገባም።

ማጠቃለያ

ተጠባባቂ ሽጉጥ የዋናው ሽጉጥ ትንሽ ቅጂ አይደለም። የጥይት ብዛትና ኃይል ዋጋ የሚኖራቸው መሣሪያው በአንድ እጅ መመዘዝ፣ በቅርብ ትንቅንቅ መተኮስ እና ከእክል በኋላ ሥራውን መቀጠል ከቻለ ብቻ ነው። ስለዚህ ከካታሎግ ንጽጽር አስቀድሞ አንድ ፈተና ሊካሄድ ይገባል። ባለቤቱ በተኩስ መለማመጃ ሥፍራ፣ በአሠልጣኝ ክትትል፣ በደካማ እጁ ብቻ፣ ዘወትር በሚይዘው ጥይት ሽጉጡን አውጥቶ ደጋግሞ ዒላማ መምታት ይችላልን? ይህን ፈተና ያላለፈ ሽጉጥ የቱንም ያህል ቢቀል ወይም ብዙ ቢጎርስ፣ ለተጠባባቂነት የተመረጠበትን ተግባር ሊፈጽም አይችልም።