አንድ ክበብ፣ ሁለት መሥራች

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ብዙም ሳይርቅ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እንበልና በዚያ ግቢ ሁለት የተማሪ ቡድኖች የኮንዶሚኒየሙን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚናል ሕንፃ ውስጥ ሒሳብ ሊያስጠኑ አሰቡ። አንዱ ሌላውን አያውቅም። ሁለቱም የበጎ አድራጎት ክበብ ለማቋቋም ማመልከቻ ይዘው የተማሪዎች ዲን ቢሮ ደጃፍ ላይ ተገጣጠሙ።

ለበጎ ሥራ ምን ያጣላል? የሚያጣላው ማስጠናቱ አይደለም፤ ስሙና ማኅተሙ ነው። ማኅተም ያለው ክበብ አዳራሽ ያስፈቅዳል፣ የመኪና ትብብር ይጠይቃል፣ ለስፖንሰር ደብዳቤ ይጽፋል። የሌለው ቢለፋም «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ይባላል።

ፉክክሩ የዛሬ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሕዝብ ጉዳይ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ሾላ ስለታጎሩት ችግረኞች ሰልፍ ወጥተዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው በአብዛኛው ያስተምሩ ነበር። ማን ይወክለን የሚለው ጥያቄ ግን ከፋፈላቸው። በ1959 ዓ.ም. ገደማ አንዱ ወገን የስድስት ኪሎው ማኅበር ለብቻው ይቀጥል አለ፤ ሌላው በከተማው ያሉ ካምፓሶች በአንድ ማኅበር ይጠቃለሉ አለ። የኋለኛው አሸነፈ፤ የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበርም ቆመ።

ለእኔ ከድሉ ይልቅ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጥላሁን ግዛው የተባለ ተማሪ ለማኅበሩ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። ኩርፊያ ይዞት የራሱን ማኅበር አላቋቋመም፤ በሚቀጥለው ዓመት ዳግም ቀርቦ አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ተገደለ። የተሸነፈ ሰው በዚያው ቤት ተመልሶ የሚወዳደርበት ደንብ ካለ ሁለተኛ ቤት መሥራት አያስፈልግም።

ከግቢ ውጭ ሕጉ ሰፋ ያለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ። ሌላው ቀድሞ ከያዘው ጋር የሚመሳሰል ስም ይዞ የመጣ ግን አይመዘገብም። ሥራውን ሁለት ሦስት ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ ስሙን መጋራት አይቻልም። ግቢ ውስጥ ነገሩ ይጠብባል፤ አዳራሹም በጀቱም ያው ነውና።

እንግዲህ የዲኑ ቢሮ ደጃፍ ላይ የተገጣጠማችሁ እናንተ ከሆናችሁ፣ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ። ለመዋሐድ ከተስማማችሁም በቃል አትተዉት። ምርጫው መቼ እንደሚደረግ፣ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ወገን በሥራ አስፈጻሚው ስንት ወንበር እንደሚኖረው፣ ማኅተሙም በማን እጅ እንደሚቀመጥ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍራችሁ ፈርሙበት።