ኮዱ ሳይለወጥ ግንባታው ሲከሽፍ፦ የኮምፓይለር ስህተቶችን ስለ ማንበብ



ተማሪዎቼ አንድ ክፍት ሶፍትዌር ከምንጭ ኮዱ አልገነባ ሲላቸው የሚልኩልኝ የስክሪን ምስል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሜክ» የተሰኘው መሣሪያ ሥራውን ማቋረጡን የሚገልጽባቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች። እነዚህ መስመሮች መርዶ ነጋሪዎች ናቸው፤ የሞቱን ምክንያት ግን አይናገሩም። ምክንያቱ ያለው ወደ ላይ ተመልሰን በምናገኛት የመጀመሪያዋ ስህተት ውስጥ ነው። አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ሲቀር ኮምፓይለሩ ከዚያ በታች ያለውን ጤናማ ኮድ ጭምር ይከሳልና። ግንባታው በብዙ ትይዩ ሥራዎች የሚካሄድ ከሆነ መልእክቶቹ ስለሚደባለቁ፣ በአንድ ሥራ ብቻ ደግሞ ማስኬድ ይበጃል።

የሄደር ፋይል አልተገኘም የሚለው ስህተት ብዙ አያስጨንቅም። ላይብረሪው ተጭኖ ሳለ የማበልጸጊያ ጥቅሉ አልተጫነ ይሆናል፤ ይህ ጥቅል በዴቢያንና በኡቡንቱ ስሙ በ«ዴቭ»፣ በፌዶራ በ«ዴቨል» ያበቃል።

የሚከብደው ትናንት ይገነባ የነበረ ኮድ፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ ዛሬ እምቢ ሲል ነው። በ2020 የወጣውን ጂሲሲ 10ን እንውሰድ። በሲ ቋንቋ አንድ ዓለም አቀፍ ተለዋዋጭ መነሻ ዋጋ ሳይሰጠው በሄደር ፋይል ውስጥ ከተጻፈ፣ ሄደሩን በሚጠሩት ፋይሎች ሁሉ ይደገማል። የቀድሞዎቹ የጂሲሲ እትሞች ድግግሞሹን በዝምታ ወደ አንድ ያዋህዱት ነበር። ከ10ኛው እትም ወዲህ ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፍቺ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ሊንከሩ አንድ ስም ብዙ ጊዜ ተፈቷል ብሎ ይቆማል። መፍትሔው በሄደሩ ውስጥ «ኤክስተርን» የሚለውን ቃል ማስቀደምና ተለዋዋጩን በአንድ የሲ ፋይል ብቻ መፍታት ነው። የቀድሞውን ባሕርይ የሚመልስ የኮምፓይለር አማራጭም አለ፤ ለጊዜው ቢጠቀሙበት ነውር የለውም።

በ2024 በወጣው ጂሲሲ 14 ላይ ግን እንዲህ ለዘብተኛ አይደለሁም። ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን በ1999ኙ የሲ መስፈርት የተሻረ ነገር ነው፤ ሆኖም ጂሲሲ እስከ 13ኛው እትም ድረስ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፈው ነበር። አሁን ስህተት ሲሆንበት፣ ብዙ ሰው ወደ ማስጠንቀቂያ የሚመልሰውን አማራጭ ፍለጋ ይሮጣል። ኮምፓይለሩ ያልታወጀ ፈንክሽን ኢንቲጀር ይመልሳል ብሎ ይገምታል። በተለመዱት ባለ 64 ቢት ማሽኖች ኢንቲጀር 32 ቢት፣ የማስታወሻ አድራሻ ግን 64 ቢት ነው። ፈንክሽኑ በእርግጥ የሚመልሰው አድራሻ ከሆነ የላይኛው ግማሽ ይጠፋል። አድራሻው ትንሽ ቁጥር በሆነበት ቀን ፕሮግራሙ ይሠራል፤ በሌላው ቀን ይወድቃል።

ከዚህም የባሰ አለ፤ እርሱም ምንም ስህተት የማያሳየው ነው። «ኮንፊገር» የተባለው ስክሪፕት ከግንባታው በፊት ጥቃቅን የሙከራ ፕሮግራሞችን እያጠናቀረ ሥርዓቱ ምን ምን እንዳለው ይመረምራል። የሙከራ ፕሮግራሙ ራሱ በአሮጌው ልማድ ተጽፎ ያልታወጀ ፈንክሽን የሚጠራ ከሆነ፣ አዲሱ ኮምፓይለር አይቀበለውም። ስክሪፕቱም «ይህ ችሎታ በዚህ ማሽን የለም» ብሎ ደምድሞ መንገዱን ይቀጥላል። ግንባታው በሰላም ይጠናቀቃል፤ ፕሮግራሙ ግን አንድ አካሉን አጥቷል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ቁጥሮች ከእንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚወጡ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ምንጭ ኮድ በሁለት ማሽኖች ላይ የተለያየ ነገር ሊሠራ እንደሚችል አስቡ።

ስለዚህ ግንባታው ሲሳካም «ኮንፊግ ሎግ» የተባለውን ፋይል ክፈቱ። እያንዳንዱ ሙከራ በምን ትእዛዝ እንደተጠናቀረና በምን ስህተት እንደወደቀ በዚያ ተመዝግቧል። ከአሮጌውና ከአዲሱ ማሽን የተገኙትን ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጉና «አዎ» የነበረው መልስ የት ላይ «አይ» እንደሆነ ፈልጉ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።