የስኳር በሽታ፣ ጾምና ውዱእ



የሻዕባን ወር ሲጋመስ በገራዶም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ መስጊዶች ደጃፍ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ስኳር አለብኝ፤ ልጹም ወይስ ልተው?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሐኪም አማክሮ የመጣ አይደለም። ሐኪሙ «አትጹም» ብሎት ከሆነም ልቡ አልተቀበለውም፤ ከሸኹ አፍ «ጹም» የሚል ቃል ሊሰማ ነው የመጣው። ለዲኑ ያለው ፍቅር የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን በውል ካልተረዳ ነፍሱን ለአደጋ ያጋልጣልና ጉዳዩን ከሕክምናውም ከሸሪዓውም በኩል ማየት ይገባል።

የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ስኳር ሰውነታችን ለጉልበት እንዲጠቀምበት የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ሲያቆም ዓይነት 1፣ ኢንሱሊኑ እያለ በሚገባ መሥራት ሲያቅተው ደግሞ ዓይነት 2 ይባላል። በሁለቱም ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ድካም፣ የዓይን ብዥታና ያለ ምክንያት መክሳት የሚመጡት ከዚህ ነው። ሳይታከም የቆየ እንደሆነ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግር ነርቮችን ይጎዳል።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚባለው አነጋገር ብዙ ሰው አሳስቷል። የጎንደር ሐኪሞች ለዓመታት ባደረጉት ጥናት ከገጠር የሚመጡ ኢንሱሊን የሚያሻቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ ከሲታና ድሃ ወጣቶች መሆናቸውን ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ዓይነት 5 ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ አንድ የገራዶ ገበሬ ልጅ ውሃ እየጠማው፣ እየከሳና ሌሊት ለሽንት እየተመላለሰ ከሆነ «ዓይን በልቶት ነው» ብሎ ማቆየት አይገባም። በጣት ደም ይመርመር።

ከ1922 እ.ኤ.አ. በፊት ዓይነት 1 የያዘው ልጅ መሞቱ አይቀሬ ነበር። በዚያ ዓመት በጥር ወር ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወግቶ ዳነ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተርፏል! መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ነገሩ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መድኃኒቱና ዕቃው ተዘርፎ ነበር። ያ ጊዜ በቤቱ ኢንሱሊን ላልነበረው ሕመምተኛ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ታዲያ መድኃኒቱ በእጁ ያለ ሰው «ጾመኛ ነኝ፣ ምግብም አልበላሁ» ብሎ በገዛ ፈቃዱ መርፌውን ሲተው ምን ይባላል? ሳይበላም ቢሆን ሰውነት ኢንሱሊን ይፈልጋል። የዓይነት 1 ሕመምተኛ ካቋረጠ ደሙ ይመረዛል፤ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠትና ፈጣን ረጅም ትንፋሽ ይከተላሉ፤ ወደ ሐኪም ቤት ካልሮጡ ይገድላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ የጾምን ግዴታ ባወረደበት ሥፍራ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቃዱን አብሮ አውርዷል። የሚድን ሕመም ያለበት ሰው ሲሻለው ቀዷ ያወጣል። ሕመሙ ዘላቂ ሆኖ መጾም የማይችል ግን በእያንዳንዱ ቀን ፈንታ አንድ ሚስኪን ያበላል። በአውሮፓ የሚኖሩ ሕመምተኞች ቀዷቸውን አጭር ወደሆነው የክረምት ቀን ሊያዛውሩ ይችላሉ። በእኛ አገር ጾሙ ዓመቱን ሙሉ ከ13 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ያን ያህል ማምለጫ የለንም። ዛሬ የማይችል ሰው በሌላውም ወር ላይችል ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ስኳር ያለበት ሁሉ አይጹም ማለት አይደለም። በምግብ ጥንቃቄ ብቻ ወይም በሜትፎርሚን ብቻ ስኳሩ የተስተካከለለት ጎልማሳ በአብዛኛው መጾም ይችላል። ዓይነት 1 ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ በቅርብ ጊዜ ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ፣ እንዲሁም ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር አደጋቸው ከፍተኛ ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ሰው ደግሞ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል የሚወስድበት ሰዓትና መጠን በሐኪም መስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ረመዳን ከመግባቱ አንድ ወይም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ጨረቃ ከታየች በኋላ መሯሯጥ ጥቅም የለውም።

የሚጾም ሰው ሱሁሩን አይዝለል፤ ማዘግየቱም ሱና ነው። በማፍጠሪያ ጊዜ አንድ ሁለት ተምር ይበቃል። ሳምቡሳው፣ ጣፋጭ ሻዩና ለስላሳው ተደራርበው ሲመጡ ግን ቀን የተደከመበትን ሁሉ በአንድ ሰዓት ያፈርሳሉ። (ጫት ይዞ በስኳር ሻይ የሚያመሸውንማ ምን እንበለው! ሱሁሩንም አስረስቶት ያድራል።)

ጣትን ወግቶ ደም መለካት ጾም አያፈርስም። ለምግብነት ያልሆነ መርፌም እንደማያፈርስ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ወስኗል። መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ ወዲያው ማፍጠር ነው፤ መግሪብ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቢቀረውም እንኳ። መለኪያ የሌለው ሰው ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ከተደናገረ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይፈሰስበትም፤ ይታፈናልና በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ስለ ውዱእም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ አይነሳምና። ነርቩ የተጎዳ እግር ሙቀትም ሕመምም አይሰማውም። በደሴ ብርድ ለፈጅር ውሃ የሚያሞቁ እናቶችና አባቶች ውሃውን በእግራቸው ሳይሆን በክርናቸው ይሞክሩት፤ ወይም ልጅ ይሞክርላቸው። እግሩ ሳይሰማው የተቃጠለ ሰው ቁስሉ አልሽር ብሎት እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ መርገጫውንም ማየት ያስፈልጋል፤ ማጎንበስ ያቃተው በመስታወት ወይም በልጁ ዓይን ይይ። ቁስል ከተገኘ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቁስሉ በፋሻ ከታሰረ በኋላም ለውዱእ ተብሎ አይፈታም፤ ጤነኛውን ክፍል አጥቦ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል።