የሌዘር ጠቋሚ በአነስተኛ ሲኤንሲ ማሽን ላይ፦ ከመብራት ጋር አብሮ የሚጠፋውን መነሻ ነጥብ መልሶ ስለማግኘት

መግቢያ

በቀራንዮና በአካባቢው ባሉት ዓይነት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤቶች መብራት ሲጠፋ አናጺው መጋዙን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ መብራት ሲመጣም ካቆመበት ይቀጥላል። በኮምፒውተር ለሚመራ የመቅረጫ ማሽን፣ ማለትም ለሲኤንሲ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል። ለሰዓታት ሲቀረጽ የቆየ የዋንዛ ሰሌዳም ሥራው በ1 ሚሊሜትር ተዛንፎ ከቀጠለ ሊበላሽ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በማሽኑ ላይ የሚጨመር አነስተኛ የሌዘር ጠቋሚ የጠፋውን ነጥብ እንዴት እንደሚመልስ፣ ትክክለኛነቱም ከጠቋሚው ጥራት ይልቅ በአገጣጠሙ ላይ እንዴት እንደሚመሠረት ያብራራል።

የችግሩ ምንጭ

3018 በመባል የሚታወቀው የጠረጴዛ ማሽን የሥራ ስፋቱ 30 በ18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህን መሰል ማሽኖች በአብዛኛው የሚመሩት እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ በቀረበው ግርብል በተባለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የሚያንቀሳቅሷቸው ስቴፐር ሞተሮች የታዘዙትን ያህል እርምጃ ይራመዳሉ፤ በእርግጥ የደረሱበትን ስፍራ የሚነግር መለኪያ ግን የላቸውም። ሊሚት ስዊች ያልተገጠመለት ማሽን ዳግም ሲነሳ የቆመበትን ስፍራ ዜሮ ብሎ ይቆጥራል። ቀደም ሲል በቋሚ ማኅደረ ትውስታ የተመዘገበው የሥራ መነሻ ሳይሰረዝ ቢቆይም፣ የሚሰላው ከዚህ አዲስ ዜሮ ስለሆነ የተሳሳተ ቦታ ያመለክታል።

የአገጣጠም ስሌት

ጠቋሚውን ለመግጠም ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጨረሩን አዘንብሎ መቁረጫው ጫፍ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህ ለዓይን ምቹ ቢሆንም፣ ጨረሩና የመቁረጫው መስመር የሚገናኙት በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ነው። የእንጨቱ ውፍረት ሲለወጥ ነጥቡም ይሸሻል፤ የሽሽቱ መጠን የከፍታው ልዩነት በዝንባሌው ታንጀንት ተባዝቶ ይገኛል። ለምሳሌ በ20 ዲግሪ የተዘነበለ ጨረር የ10 ሚሊሜትር ውፍረት ልዩነት ሲያጋጥመው 3.6 ሚሊሜትር ያህል ይስታል።

ሁለተኛውና የሚመረጠው መንገድ ጠቋሚውን ከሞተሩ መያዣ ጎን፣ ከመቁረጫው መስመር ጋር ትይዩ አድርጎ ማሰር ነው። ያን ጊዜ ጨረሩ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ነጥቡ መቁረጫው ላይ ባያርፍም በመካከላቸው ያለው ርቀት በየትኛውም ከፍታ አይለወጥም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ መለካቱ ይበቃል። ትይዩነቱን ለመፈተን መያዣውን ዝቅ አድርጎ ነጥቡ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ማድረግና 40 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ነጥቡ 0.7 ሚሊሜትር ከሸሸ፣ ጨረሩ ከማሽኑ የቁመት እንቅስቃሴ በ1 ዲግሪ ዘንብሏል ማለት ነው፤ ሽሽቱ በዓይን እስከማይለይ ድረስ ይስተካከላል።

ኤሌክትሪክና ጥንቃቄ

ግርብል ለማቀዝቀዣ ፈሳሽ የመደበው መውጫ በኤም8 ትእዛዝ ይበራል፣ በኤም9 ይጠፋል። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ይህ መውጫ ኤ3 የተባለው እግር ነው። ሌዘሩን በቀጥታ ከእግሩ ጋር ከማገናኘት ይልቅ በአንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር በሚነዳ አነስተኛ ትራንዚስተር በኩል ማብራት መቆጣጠሪያውን ከጉዳት ይጠብቃል።

ለዚህ ሥራ ከ1 ሚሊዋት ያልበለጠ ቀይ ጠቋሚ ይበቃል። በዚህ ጉልበት ደረጃ ዓይንን የሚጠብቀው ዋናው ነገር የሽፋሽፍት ፈጣን መከደን ስለሆነ፣ ሆን ብሎ ጨረሩን ማየት አይገባም። አንጸባራቂ አሉሚኒየም ላይ ሲሠራ ደግሞ የጨረሩን ነጸብራቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ጠቋሚ እንጨት ከሚያቃጥለው ባለ ብዙ ዋት ሌዘር ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ያኛው የራሱን መከላከያ መነጽር ይጠይቃል።

ልኬትና አጠቃቀም

በመጀመሪያ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ በሹል መቁረጫ ትንሽ ቀዳዳ ይበጃል፤ መቁረጫው ከቀዳዳው በላይ እንዳለም አግድሙና ወርዱ ዜሮ ይደረጋሉ። ቀጥሎ የሌዘሩ ነጥብ ቀዳዳው ላይ እስኪያርፍ ማሽኑ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጊዜ የሚነበቡት ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ ኤክስ -38.20 እና ዋይ 1.50፣ የጠቋሚው መለያ ሆነው ይመዘገባሉ።

እውነተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በማይቀረጸው የሰሌዳው ጠርዝ ላይ፣ በሥራው መነሻ ነጥብ፣ ተመሳሳይ ቀዳዳ ይበጃል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነጥቡን ቀዳዳው ላይ ማሳረፍና የተመዘገቡትን ቁጥሮች ከነምልክታቸው ጂ10 ኤል20 ፒ1 ኤክስ-38.20 ዋይ1.50 ብሎ መስጠት በቂ ነው። ሰሌዳው ከቦታው ተነሥቶ ከሆነ ሁለተኛ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ በ200 ሚሊሜትር ርቀት ላይ የሚታይ የ0.5 ሚሊሜትር መዛነፍ ሰሌዳው በ0.14 ዲግሪ መዞሩን ያሳያል።

ማጠቃለያ

ዘዴው ሊሚት ስዊችን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ጠቋሚው አግድምና ወርድን እንጂ ጥልቀትን አይመልስም፤ ጥልቀቱ መቁረጫውን ባልተቀረጸ ገጽ ላይ በቀጭን ወረቀት በማስነካት ዳግም መወሰን አለበት። የነጥቡ ስፋትም የትክክለኛነቱ ወሰን ነው፤ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነጥብ ለእንጨት ቅርጽ ቢበቃም ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቀጭን መስመሮች አይበቃም። በእነዚህ ገደቦች ውስጥ ግን ቀዳዳው አስቀድሞ እስከተበጀና ጨረሩ ትይዩ እስከሆነ ድረስ፣ በግማሽ የቀረ ሰሌዳ ከመጣል ይድናል።