የረዳት መምህርነት ሰርተፊኬት ስንት ያወጣል?

የደብረ ብርሃን ነጋዴ ዕቃ ከማስገባቱ በፊት በስንት እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚሸጥና ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስለት ያሰላል። ይኸው ነጋዴ 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጁ የአፀደ ሕፃናት ረዳት መምህርነት ልትሠለጥን ስትነሣ ግን የሚጠይቀው የወር ክፍያውን ብቻ ነው። ሒሳቡ ከዚያ ይሰፋል።

እስቲ በምሳሌ እንሥራው። ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸውና አንባቢ የራሱን ቁጥር እየተካ ይከተለን። ሥልጠናው 10 ወር ይፈጃል፣ ክፍያው በወር ብር 1,500 ነው እንበል፤ 15,000 ይሆናል። ለትራንስፖርት፣ ለደብተርና ለልዩ ልዩ 5,000 እንጨምር። ልጅቱ ወላጆቿ ቤት እየኖረች በሱቅ ተቀጥራ በወር 4,000 በእጇ ታገኝ ከነበረ ግን በ10 ወር 40,000 ታጣለች። ለዚህኛው ወጪ ደረሰኝ ስለማይቆረጥ ማንም አይመዘግበውም። ድምሩ 60,000 ነው። ቤተሰቡ የሚከራከርበት የትምህርት ክፍያ የዚህ ሩብ ብቻ ነው።

ወደ ገቢው እንለፍ። ተመርቃ በግል ትምህርት ቤት በብር 6,000 ተቀጠረች እንበል። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከደመወዝ የመጀመሪያውን 2,000 ከግብር ነፃ አድርጎ፣ ቀጣዩን 2,000 በ15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ያለውን በ20 በመቶ ያስከፍላል። ስለዚህ ግብሯ 700 ይሆናል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 420 ሲቀነስ እጇ የሚገባው 4,880 ነው። ከሱቁ የሚበልጠው በ880 ብር ብቻ ነው። 60,000ን ለ880 ብናካፍል 68 ወር ይመጣል፤ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። በእርግጥ የጡረታው 420 የባከነ ገንዘብ አይደለም፣ አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ ያስገባላታል። ይሁን እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመለስ ብር ዛሬ የወጣውን ብር ያህል እንደማይገዛ ለዚህ አምድ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ሥራ ሳይኖራት ቤት የተቀመጠችውን ልጅ እንመልከት። የምታጣው ደመወዝ ስለሌለ ወጪዋ 20,000 ብቻ ነው። 4,880ው በሙሉ ለእሷ አዲስ ገቢ ስለሆነ በአራት ወር ከጥቂት ቀን ወጪዋን ትመልሳለች። ወረቀቱ ያው፣ ማሠልጠኛው ያው፣ ልዩነቱ ግን አምስት ዓመት ያልፋል።

ከአንኮበር ለምትመጣዋ ሒሳቡ ይከብዳል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ መንገዱ ግን የተራራ ነው፣ በየቀኑ መመላለሱም ያደክማል። ስለዚህ ቤት መከራየት ይመጣል። ስንቅ ከቤተሰብ ቢላክላት እንኳ ኪራዩ በወር 1,500 ከሆነ በ10 ወር 15,000 ይጨመራል። የሚብሰው ከምረቃ በኋላ ነው። ጎረቤላ ሱቅ ትሠራ የነበረች ልጅ ደብረ ብርሃን ብትቀጠር፣ የምታገኘው የ880 ብር ብልጫ የ1,500 ብሩን ኪራይ አይሸፍንም። በየወሩ 620 ብር ትከስራለች። ለእሷ ሰርተፊኬቱ የሚያዋጣው አገሯ ተመልሳ የምትቀጠርበት አፀደ ሕፃናት ካለ ነው። ይህን ከመመዝገብ በፊት ማጣራት ይቻላል።

ሌላው ወጥመድ ክረምቱ ነው። የቅጥር ውሉ ሐምሌና ነሐሴን የማይጨምር ከሆነ የዓመት ገቢዋ 48,800 ይሆናል። ሱቋ ግን በ12 ወር 48,000 ትከፍላት ነበር። በ60,000 ብር የተገዛው የዓመት ትርፍ 800 ብር ሆነ ማለት ነው። ደመወዙን በቃል ከመስማት ይልቅ ውሉን ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ ዝቅተኛ ደመወዝን በቁጥር አላስቀመጠምና የግል ትምህርት ቤት ደመወዝ በድርድር የሚቆረጥ ነው።

"ዋናው ደመወዙ ሳይሆን ወደፊት መሰላል መሆኑ ነው" የሚል ክርክር ይነሣል። ልክ ነው፣ ኮሌጅ ከቆጠረው። ደብረ ብርሃን ይህን በራሷ ታውቀዋለች። ዛሬ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሆነው ተቋም በማሠልጠኛነቱ ዘመን በሰርተፊኬት ያስመርቅ ነበር። በ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለማስተማር የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት ይበቃ ነበር። በኋላ ዲፕሎማ ሲጠየቅ ብዙዎቹ በየክረምቱ እየተማሩ ደረጃቸውን ማሻሻል ግድ ሆነባቸው። እነሱ ግን ቢያንስ የመንግሥት ደመወዝ እየበሉ ነው የተማሩት። የግል ማሠልጠኛ ወረቀት የያዘችው ልጅ ይህ የላትም። ስለዚህ ወረቀቱን የትኛው ኮሌጅ፣ ለስንት ኮርስ እንደሚይዝላት ብር ከመክፈሏ በፊት ከኮሌጁ ሬጅስትራር በጽሑፍ ትጠይቅ።

ትምህርት ቤት ለመክፈት ለሚያስበው ባለሀብትም ሒሳቡ የራሱ ገጽ አለው። የ6,000 ብር ረዳት ከነአሠሪው የጡረታ ድርሻ በወር 6,660 ታስወጣዋለች። ክፍሉ 30 ልጅ ከያዘ ለአንድ ሕፃን 222 ብር ነው። በክፍያ ላይ ይህን ለመጨመር ወላጅ አይከብደው ይሆናል፤ ሁለት ሰው ያለበት ክፍል ከአንድ ሰው ክፍል እንደሚሻል ለማየት በር ላይ መቆም ይበቃል። በየዓመቱ ረዳት ከመቀያየር ግን 15,000ውን የሥልጠና ክፍያ ራሱ ከፍሎ፣ ልጅቱ ለተወሰነ ጊዜ እንድታገለግል መዋዋል ሳይረክስለት አይቀርም።