ካርታው በማን ስም ነው?

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ይሸጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምፒዩተር የሚችል አንድ የሰፈር ልጅ ለሱቃቸው ድረ ገጽ ሠራላቸው። ልጁ ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው፤ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ደንበኞች ቀሚሱን በስልካቸው እያዩ ማዘዝ ጀመሩ። አንድ ዓመት ግን ለጥምቀት ገበያው በደራበት ሰሞን ገጹ አልከፈት አለ። የገጹ ስም የተመዘገበው በልጁ ኢሜይል ነበር፤ «የማደሻው ጊዜ ደርሷል» የሚለው መልእክትም ሲላክ የኖረው ወደዚያው ነው። ልጁ ከአገር ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። አክስቴ አድራሻው የታተመበትን ካርድ በእጃቸው እንደያዙ፣ «ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ ካርታው በሰው ስም» አሉኝ። ስለ ድረ ገጽ ለሚጠይቀኝ ነጋዴ ሁሉ እስካሁን የምነግረው ይህንኑ ቃላቸውን ነው።

ሰው «ድረ ገጽ አለኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው የሚታየውን ገጽ ብቻ ነው። ከገጹ ሥር ግን ስሙና ማደሪያው አሉ፤ ለየብቻቸው ይገዛሉ፣ ለየብቻቸውም ይታደሳሉ። ስሙን ባለሙያዎች ዶሜይን ይሉታል። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ያን ቁጥር ሰው ሊያስታውሰው ስለማይችል ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ ሥርዓት ነደፈ። ስልካችን ላይ «እማዬ» ብለን ከመዘገብን በኋላ ቁጥሯን በቃላችን መያዝ እንደተውነው ማለት ነው።

ስሙ ለዘለዓለም አይሸጥም። በዓመት ይከራያል፤ ነጥብ ኮም በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል። የአገራችንን ነጥብ ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ነጥብ ኮም የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ካርድ ስለሆነ፣ ካርድ የሌለው ነጋዴ በብር በሚያስመዘግቡ አገናኞች በኩል ይገዛል፤ ስሙ በሌላ ሰው ኢሜይል ገብቶ የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው። የነጥብ ኮም ስም ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ የተመዘገበው ባለቤት ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። አክስቴ በመዝገቡ ላይ ስላልነበሩ ያ 30 ቀን አልጠቀማቸውም። ስሙን አጣነው።

ማደሪያው ሆስቲንግ ነው፦ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የሚኖር ኮምፒዩተር ላይ ቦታ መከራየት። ለትንሽ ሱቅ የጋራ የሚባለው ዓይነት ይበቃል። ከብዙ ተከራዮች ጋር አንድ ግቢ እንደመኖር ነው፤ ጎረቤት ውኃውን ሲያበዛው ያንተ ቧንቧ ይቀጥናል፣ ኪራዩ ግን ይረክሳል። ኪራዩን ከመክፈላችሁ በፊት የገጹ ቅጂ በየስንት ቀኑ እንደሚቀመጥና ቢበላሽ ማን እንደሚመልሰው ጠይቁ። አንዳንድ ማሰሻ አድራሻው አጠገብ በቁልፍ ምልክት ለሚያሳየው የደኅንነት ምስክር ወረቀት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት ምስክር ወረቀቱን በነፃ እንደሚሰጥ እወቁ።

ወደ ገጹ ራሱ ስንመጣ፣ እቅዱ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። ሁለተኛውን ገጽ ከማሠራታችን በፊት አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዤ አክስቴ ሱቅ ተቀመጥኩ፤ ገዢ የጠየቀውን ሁሉ ጻፍኩ። ዋጋው ስንት ነው? ጥልፉ የእጅ ነው የማሽን? መነን ነው ፈትል? ለሠርጉ ይደርሳል? ከውጭ የደወለችው ደግሞ፣ «ልኬቴን እንዴት ልላክ?» አለች። ራእይና ተልእኮ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ የብዙ ድርጅቶቻችን ገጽ ግን የሚጀምረው በራእይና በተልእኮ ነው። እኛ የደብተሩን ጥያቄዎች የገጹ አርእስት አደረግናቸው። ለልኬቱ፣ ሜትሩ ከትከሻ አጥንት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በአንድ ፎቶ አሳየን። በስልክ የተነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት አወረድነው። ደንበኛችን ገጹን የሚከፍተው በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነውና።

ገጹ ተሠርቶ ካልተገኘ ምን ይጠቅማል? የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር ፊደላት መስፈርት 3.0 እትም ውስጥ ስለገባ ዛሬ በብዙ ስልኮች ተጽፎ ይፈለጋል። ይህን ዕድል ይዘን ዋጋና አድራሻን ሥዕል ላይ አትመን መለጠፋችን ያሳዝነኛል፤ የፍለጋ ሞተር በዋናነት የሚያነበው ጽሑፍን ነው። ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ «ሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሀበሻ ቀሚስ»፤ ውጭ አገር ያደገችው በላቲን ፊደል ትጽፈዋለች። ሦስቱም አጻጻፍ ገጹ ላይ ቢኖር ይሻላል፤ አንዱ በአርእስት፣ ሌሎቹ በፎቶ መግለጫ።

የጉግል የንግድ መገለጫ ነፃ ነው፤ ሱቁን ካርታ ላይ ያሳያል። እዚያ ላይ ግን ሰዓቱን ተጠንቀቁ። አክስቴ የሚከፍቱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። «2» ብላችሁ ከሞላችሁ ጉግል የሚያውቀው የፈረንጁን 2 ሰዓት ነው፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት። መሞላት ያለበት የፈረንጁ የጠዋት 8 ነው። «ገንዘብ ክፈሉኝና ከፍለጋው አናት ላይ አስቀምጣችኋለሁ» የሚላችሁ ሲመጣ፣ ጉግል ከማስታወቂያው ቦታ ውጭ ላለው ደረጃ ክፍያ እንደማይቀበል አስታውሱ። ቲክቶክና ቴሌግራም ጥሩ ጠሪዎች ናቸው፤ ቦታው ግን የሌላ ነውና የመጣውን ሰው ወደ ራሳችሁ ገጽ ላኩት።

አዲሱ ስም በአክስቴ ስምና በአክስቴ ኢሜይል ለ5 ዓመት ተመዝግቧል። የይለፍ ቃሉ ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጧል። ድረ ገጽ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ዛሬ ማታ ለሠራላችሁ ሰው ደውሉና ስሙ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ መቼም እንደሚያበቃ ጠይቁት። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።